አሮጌ ሃርድቶፕ ገዛሁ፤ ለአፋር በረሃ ከምኑ ልጀምር?

ቶሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው። ሥራዬ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ወደ ታች ናቸው፤ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። አሁን አሁን ደግሞ ከአስፋልቱ ርቀው ካሉ ቀበሌዎች ጥሪ እየበዛልኝ ነው፣ እኔ ግን እስከዛሬ የሰው ፒክአፕ እየተከራየሁ ስለምሄድ ኪራዩ ትርፌን እየበላው አላራምድ አለኝ።

ባለፈው ወር ከጨረታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ገዛሁ። ረጅሙ፣ 78 የሚባለው ነው። ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባው) የሌለው። አካሉ ንጹሕ ነው። ቆጣሪው 240 ሺህ ይላል። ከዚህ በፊት ምን እንደተቀየረለት የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ የእነዚህ መኪኖች ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ ያለኝን ጥሪት በሙሉ ነው ያፈሰስኩበት። ይሄ ከተበላሸ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም።

አንድ ወዳጄ የዓረብ አገር የበረሃ መኪኖች ፎቶ እየላከልኝ ልቤን አሸፍቶታል። ሰፋፊ ጎማ፣ ከፍ የተደረገ፣ ስኖርክል (አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስበው ቱቦ)፣ ዊንች (የሰመጠ መኪና ጎትቶ የሚያወጣው የገመድ ማሽን)፣ ጣሪያው ላይ ትልቅ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ)፣ ፊቱ ላይ አራት ባውዛ። አንድ ጋራዥ ሁሉንም በአንድ ላይ ሠርቼ ቱርቦም እገጥምልሃለሁ ብሎኛል። የጠራው ገንዘብ የመኪናውን ዋጋ ሩብ ያህላል። ሁሉንም አልችልም። ከየቱ ልጀምር? ቱርቦውስ ያዋጣል? ጥር ላይ እስከ አፍዴራ የምወርድበት ሥራ አለኝ፣ ከዚያ በፊት መጨረስ እፈልጋለሁ።

የቦርከና መካኒክ (ኮምቦልቻ)፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ጥሩ መኪና ነው የገዛኸው። ከቱርቦው ልጀምርልህ። አትግጠም። የ1ኤችዜድ ናፍጣ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፤ መጀመሪያ ቴስታታው (ከፒስተኖቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ገብቶ ነው የሚቀጣጠለው። ስለዚህ ሙቀቱ ቴስታታው ላይ ይበረታል። ፋብሪካው ሲሠራው ያለ ቱርቦ እንዲሄድ ነው። ቱርቦ ሰቅለህ፣ ናፍጣ ጨምረህ፣ በዚያ ሙቀት ጭነት ይዘህ ሽቅብ ስትገፋው ቴስታታው ይሰነጠቃል። እንደዚያ ሆነው የመጡ መኪኖች ፈትቻለሁ።

ደሴ ላይ ደከመብኝ ብለህ ከሆነ ደግሞ የደከመው ሞተሩ ሳይሆን አየሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ባገኘው አየር ልክ ነው የሚጎትተው። ሚሌ ስትደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። እዚያ የራስህን መኪና አታውቀውም፣ ሌላ ሞተር የተገጠመለት ይመስልሃል።

ገንዘብህን መጀመሪያ የማይታየው ነገር ላይ አውለው። አንደኛ ታይሚንግ ቺንጋው፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው ቀበቶ። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ የሞተር ሙሉ እድሳት ነው የሚጠብቅህ። ታሪኩን የማታውቀው መኪና ስለሆነ ተቀይሯል ብለህ አትገምት። ዛሬ ነገ ሳትል ቀይረው።

ቀጥሎ ማቀዝቀዣው። ራዲያተሩን አስወርደህ አሳጥበው፣ ውስጡ ብቻ ሳይሆን ክንፎቹ መሃል የተጋገረው ጭቃና ነፍሳት ጭምር ይውጣ። ቱቦዎቹን ከነፋሸታቸው ቀይር። የራዲያተር ክዳኑን አዲስ ግዛ፣ ትንሽ ነገር ናት ግን ግፊቱን የምትይዘው እሷ ናት፣ ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል። የፋኑን ክላች ደግሞ እንዲህ እየው፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅህ አዙረው። ምንም ሳይከብድህ በነጻ የሚሽከረከር ከሆነ አልቋል። ኩላንት አድርግበት፣ የቧንቧ ውሃ ብቻውን አይሁን።

ስለ ቴርሞስታት ረዘም አድርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ መኪና በሞቀ ቁጥር «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» ይባላል። በዚህ ሞተር ላይ ይሄ ራሱ ያሞቀዋል። ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ራዲያተሩን ዘሎ ወደ ሞተር የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣኸው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ላይታወቅህ ይችላል፣ በረሃ ላይ ግን መርፌው ሽቅብ ይሄዳል። አስከፍተህ እይ፣ ባዶ ሆኖ ብታገኘው አይግረምህ።

ስኖርክል ጥሩ ነው፣ ሰው ውሃ ለመሻገር ብቻ ይመስለዋል፣ የእኛ ጥቅሙ ግን ለአቧራ ነው፤ ሌላ መኪና ተከትለህ ስትሄድ የሚወፍረው አቧራ ከታች ነው። ነገር ግን ከአየር ፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ትንሽ ስንጥቅ ካለው ስኖርክሉ ምንም አይፈይድልህም፣ ሞተሩ አቧራውን በቀጥታ ይውጠዋል። መጀመሪያ ቱቦውን ፈትሽ።

ከፍ ማድረጉን 5 ሴንቲ ላይ አቁመው። ከዚያ በላይ ካርዳኑ (ጉልበቱን ከማርሹ ወደ አክሰል የሚያደርሰው ዘንግ) ሥራውን በጤና አይሠራም። ደግሞ አካል የሚቀይር ነገር ስታሠራ ሊብሬው ላይ መመዝገብ እንዳለበት አትርሳ፣ ቦሎ ስታወጣ ጣጣ ነው።

የአፍዴራ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦

ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ሞተሩ ጨርሶታል። እኔ ሹፌር ነኝ። ከአፍዴራ ጨው ስጭን ዓመታት ቆይቻለሁ፣ በኋላም ሃርድቶፕ ይዤ ሰውና ዕቃ አመላልሻለሁ። ስለ ክብደት ልንገርህ።

ያ ፖርቶ መጋላ ያምርሃል፣ አውቃለሁ። እኔም አሠርቼ ነበር። የብየዳ ሠራተኛው በወፍራም ብረት ሠራው፣ ባዶውን ሁለት ሰው አያነሳውም። እላዩ ላይ ስድስት ጄሪካን ናፍጣ፣ ሁለት ስኮርት ጎማ፣ ድንኳን፣ ክሪክ ጫንኩበት። ስድስት ጄሪካን ናፍጣ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ሁለቱ ጎማ ከነቸርኬያቸው 60 ኪሎ አያንሱም። በሁለተኛው ጉዞ የጣሪያው ጠርዝ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በባሰ ግን ከሰርዶ ወደ አፍዴራ በሚወስደው መንገድ አንድ የጎርፍ ቦይ በጎን ስሻገር መኪናው ሲያዘነብል ልቤ ቀጥ አለ። አልተገለበጠም፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር ጣሪያ ላይ አላወጣም። ውሃና ናፍጣ ከታች፣ ከኋላ አክሰሉ ወደ ፊት ቀደም ብሎ፣ በገመድ ታስሮ። ጣሪያው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይበቃዋል።

ባሌስትራውን ተመልከት። ያንተ ሥራ ጭነት ስለሆነ ከኋላ አንድ ቅጠል ብታስጨምር አይከፋም፣ ግን ባዶውን ስትሄድ እንደሚያንገጫግጭህ እወቅ። አሞርዛተሩን ግን ደህና ግዛ። ኮረኮንች ላይ ሙሉ ቀን ስትነዳ ርካሹ ይግላል፣ ከዚያ ዘይቱን ያፈሳል፣ ከዚያ መኪናው እንደ ጀልባ ይዋኛል።

አሁን ዋናው። ሰው አፋር ሲባል አሸዋው ብቻ ነው የሚታየው። ያንተ መኪና የሚፈተነው መጀመሪያ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው፣ መጨረሻ ደግሞ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ብቻ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ሙሉ ጭነት ይዘህ። ለመውጣት በምትጠቀምበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን እየረገጥክ ከወረድክ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የፍሬን ዘይት ርጥበት ይስባል፣ አሮጌው ቶሎ የሚፈላው ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ከመሄድህ በፊት በአዲስ አስቀይረው። ስትመለስ ደግሞ ሞተሩ ሙሉ ቀን ጉልበቱን ከፍሎ፣ ራዲያተሩ አቧራ ጠጥቶ፣ አንተም ቤት ለመድረስ ቸኩለህ ነው ባቲን አልፈህ የምትወጣው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ደሴ ላይ ክፍት ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። እኔ የማውቃቸው የተቃጠሉ ጓርኒሲዮኖች (የቴስታታ ሥር ማሸጊያዎች) አብዛኞቹ አሸዋ ላይ ሳይሆን ሲመለሱ ዳገት ላይ ነው የተቃጠሉት።

መርፌው ከፍ ካለ ማርሽ ቀንስ፣ ኤሲውን አጥፋ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ላብ በላብ ትሆናለህ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይወስድልሃል። ካልወረደ ቁም፣ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙረህ። ወዲያው አታጥፋው፣ ትንሽ ይሥራ። ክዳኑን በሙቀቱ እንዳትነካ።

ቶሳ ሥር (ደሴ)፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። የቦርከና መካኒክ፣ ቴርሞስታቱን ነገ አስከፍታለሁ። እውነቱን ለመናገር ባለፈው እሁድ ባዶውን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ መርፌው ከመሃል ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

የአፍዴራ መንገድ፣ ስለ ፖርቶ መጋላው ልቤን አሳመምከው ግን አመንኩህ። ናፍጣ ምን ያህል ልያዝ? ጎማውስ? አሁን ያለው 7.50 በ16 ነው፣ ቀጭኑ፣ ካመናዳሪ ያለው። ጥርሱ ገና ነው፣ አዲስ ይመስላል። ሁሉም ሰው አውጥተህ ሰፊ ቱብለስ (ካመናዳሪ የሌለው) ግጠም ይለኛል።

የአፍዴራ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦

አስፋልት ላይ በሊትር 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። አሸዋና ረዳት ማርሽ ሲገባበት ወደ 4 ይወርዳል። የደርሶ መልስህን በመጥፎው ቁጥር አስላና እላዩ ላይ ሲሶ ጨምር። ማደያ አለ ብለህ አትሂድ፣ ማደያው ኖሮ ናፍጣው ላይኖር ይችላል። ከበርሜል ከቀዳህ ደግሞ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ማታ ማታ ክፈታት።

ፒያሳ ጎሚስታ (ደሴ)፦

የጎማውን ለእኔ ተዉልኝ። ወንድሜ ጥርሱን አትመን። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ፈልግ። 2315 ካለ በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጨረታ ላይ የሚወጡ መኪኖች ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ነው የሚከርሙት፣ ጥርሱ አዲስ ሆኖ ጎኑ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ስንት አየሁ። እንዲህ ያለ ጎማ ሎጊያ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ይፈነዳል።

7.50 ወይስ ቱብለስ ለሚለው፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ። 7.50 ባለ ቀለበት ቸርኬ ላይ ስለሆነ በሁለት ሌባ ብረት (ጎማ መፈልቀቂያ) እና በመለጠፊያ የትም ቦታ ይሠራል፣ አፋር ውስጥ ያለ የኢሱዙ ሹፌር ሁሉ ያውቅበታል። ጉዳቱ አየር ስትቀንስበት ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካመናዳሪውን አፍ ይቆርጠዋል። ቱብለሱ አየር መቀነስን ይችላል፣ ቀዳዳውን ሳትፈታ ከውጭ ትደፍነዋለህ፣ ግን ጎኑ ከተቀደደ አለቀ። ያንተ መንገድ አብዛኛው ድንጋይና ኮረኮንች፣ ጥቂቱ አሸዋ ከሆነ እኔ ብሆን 265/70 በ16 ቱብለስ፣ ጎኑ ወፍራም የሆነውን አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ ስፋት አያስፈልግም። አሸዋ ላይ የሚያንሳፍፍህ አየሩ ሲቀንስ ጎማው መሬት ላይ በርዝመቱ መተኛቱ ነው፣ ስፋቱ ያን ያህል አይደለም።

አየሩን እንዲህ አድርግ። አስፋልት ላይ በሩ ላይ የተጻፈውን ጠብቅ። አሸዋ ስትገባ ወደ 20 ፒኤስአይ አውርድ፣ ከሰመጥክ 15፣ ከዚያ በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ቀንሰህ አትሩጥ፣ መሪም በኃይል አታጥፍ። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ግን ብዙ አታውርድ፣ ጎኑ ሲያብጥ ድንጋዩ እንደ ምላጭ ነው የሚተለትለው። አስፋልት ከመመለስህ በፊት ሙላው፣ ስለዚህ ዊንቹን ትተህ ደህና ኮምፕሬሰርና የአየር መለኪያ ግዛ። ሌላው፣ ጎማው ሞቆ እያለ ለክተህ በዛ ብለህ አታስተንፍሰው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ለካው።

የአፍዴራ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦

በአክብሮት እኔ 7.50ውን አልጥልም። ብቻህን ሆነህ ቱብለስ ጎኑ ሲቀደድ ማንም አይደርስልህም፣ ካመናዳሪ ግን ጎኑ የተቀደደውንም ከውስጥ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደግፌ 80 ኪሎ ሜትር አምጥቶኛል።

ፒያሳ ጎሚስታ (ደሴ)፦

እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። እንግዲያው ቱብለስ ካደረገ ሁለት ካመናዳሪ በልኩ ይያዝ፣ ሲቸግር ውስጡ ይከተዋል።

የባቲ ልጅ (ባቲ)፦

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ አፋር ክልል ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። ሁላችሁም ስለ መኪናው አወራችሁ፣ ስለሚጭነው ነገር ግን ማንም አልጠየቀውም።

ወንድሜ፣ መድኃኒት ነው የምትጭነው አይደል? ክትባትም ካለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ውሃ ነው፣ አርብቶ አደሩ ከፍሎህ ፍየሉ ይሞትበታል፣ ሁለተኛ ደጁን አትረግጥም። ሃርድቶፕ ከኋላ መስኮቱ ብዙ ነው፣ ቆሞ ሲውል ውስጡ እጅ አያስነካም። የባውዛውንና የዊንቹን ገንዘብ ደህና የመኪና ፍሪጅና ሁለተኛ ባትሪ ላይ አውለው። ሁለተኛው ባትሪ ሞተሩ ሲጠፋ ከዋናው የሚለይ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ፍሪጁ ሌሊቱን መጥጦት ጠዋት ሞተሩ አይነሳም። የኋላ መስኮቶቹን ከውስጥ በሚያንጸባርቅ ሽፋን ሸፍናቸው፣ ዋጋው ምንም አይደለም። ሌላውም መድኃኒት ቢሆን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሙቀት አንብብ።

ሁለተኛ፣ ጎርፍ። በጥር ብትወርድ ደህና ነው፣ ሥራህ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ሚሌ ወንዝ የሚነሳው ከእኛ ከወሎ ደጋ ነው። ደሴና ሐይቅ አካባቢ ሐምሌ ላይ ሲጥል፣ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እየወጣ ደረቁ ቦይ በድንገት ይሞላል። ቦይ ውስጥ አትቁም፣ አሸዋው ለስላሳና ጥላ ያለው ስለሆነ ያጓጓል፣ በተለይ ለማደር አታስበው።

ሦስተኛ፣ ሰው። ከአስፋልት ስትወጣ አካባቢውን የሚያውቅ አፋር አብሮህ ይኑር፣ የወረዳውንም አስተዳደር ቀድመህ አነጋግር። መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሰው ሰላም ሳትል አትለፍ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ውሃው የት አለ፣ መንገዱ እንዴት ነው። ቆመህ ዳጉ ከተቀበልክ የትኛው ቦይ እንደተቆረጠ፣ የትኛው አሸዋ እንደገፋ ከማንም ካርታ በፊት ታውቃለህ። አንተም ያየኸውን ንገር፣ ዳጉ መቀበል ብቻ አይደለም።

ውሃ ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ያዝ፣ የሁለት ቀን ትርፍ ጨምረህ፣ የራዲያተሩን ለብቻ። በአንድ ትልቅ ዕቃ አታድርገው፣ ከተቀደደ ሁሉም ይፈሳል። እና እባክህ በአንድ መኪና አትሂድ።

ቶሳ ሥር (ደሴ)፦

እህቴ፣ የክትባቱ ነገር እስካሁን በበረዶ ሣጥን ነበር፣ ከሰመራ በላይ ሄጄ ስለማላውቅ ይበቃኝ ነበር። አሁን ገባኝ። አላህ ይስጥሽ።

እንዲህ ወስኛለሁ። ቱርቦ፣ ዊንች፣ ባውዛ ቀርቷል። ፖርቶ መጋላም ቀርቷል። ታይሚንግ ቺንጋ፣ ማቀዝቀዣው፣ የፍሬን ዘይት፣ አሞርዛተር፣ ጎማ፣ ከዚያ ፍሪጅና ሁለተኛ ባትሪ። ስኖርክል ከተረፈኝ። ሠርቼ ስጨርስ እነግራችኋለሁ።

ቶሳ ሥር (ደሴ)፦

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቴርሞስታቱ አልነበረም፣ ቤቱ ባዶ ነው። ቺንጋው ጥርሱ ሥር ተሰነጣጥቆ ነበር፣ መካኒኩ አጥፎ ሲያሳየኝ ዝም አልኩ። ጎማዎቹ 2014 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ናቸው፣ አራቱንም ጣልኩ፣ ቱብለስ አደረግሁ፣ ሁለት ካመናዳሪም ይዣለሁ። ትናንት ውሃ የሞላ በርሜል ጭኜ ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት፣ መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። የፊታችን ረቡዕ ከአንድ ጓደኛዬ ሃይሉክስ ጋር እንወርዳለን፣ የሎጊያ ልጅ መሪ አግኝተናል። የረሳሁት ነገር አለ?

የአፍዴራ መንገድ (ኮምቦልቻ)፦

አካፋህ እጀታው ረጅም ይሁን፣ አጭሩ መኪና ሥር ያለውን አሸዋ አይደርስበትም። ጨው ያለበት መሬት ከነካህ ሎጊያ እንደደረስክ ሥሩን በንጹሕ ውሃ አሳጥብ፣ ደሴ እስክትመለስ አትጠብቅ። ረቡዕ ጠዋት በጊዜ ውጡ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ደውልልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ፤ ቡሎኖቹን አብረን አንድ ጊዜ እናጠብቃቸዋለን።